ለ9 ዓመት ልጅ ቲክ የታዘዘ ሃሎፔሪዶል፦ ይጀመር ወይስ ይቆይ?

ጥያቄው፦ «ልጄ 9 ዓመቱ ነው፣ ሦስተኛ ክፍል ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ዓይኑን ማርገብገብ ጀመረ። መነጽር ገዛንለት፣ አልተወውም። ከዚያ ትከሻውን መስበቅ፣ አሁን ደግሞ አንገቱን ወደ ጎን መወርወርና ሳያቋርጥ ጉሮሮውን መጥረግ መጣ። ማታ ማታ ‹አንገቴን አመመኝ› ይላል። መምህርቱ ክፍል ይረብሻል ብላ ከኋላ አስቀምጣዋለች። ሐኪም ቱሬት ሲንድረም ነው ብሎ ሃሎፔሪዶል አዘዘለት። ፋርማሲ ባለ 5 ሚሊ ግራም ፍሬ ሰጡንና ‹ማታ ማታ ሩብ› አሉን። ፋርማሲ የምትሠራ የአክስቴ ልጅ ‹ይህ እኮ የእብድ መድኃኒት ነው፣ ያፈዘዋል› አለችኝ። ባለቤቴ ይጀምር ይላል። እናቴ እንጦጦ ጠበል ይግባ ትላለች። መድኃኒቱ ቤት ከተቀመጠ ሦስት ሳምንት ሆነው። ምን ላድርግ? ከአራት ኪሎ።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርዎት። የጻፉልኝን ብቻ ይዤ ብፈርድ፣ ይህን መድኃኒት በዚህ መጠን ዛሬ ማታ አላስጀምረውም። መድኃኒት አያስፈልገውም ማለቴ ግን አይደለም። የአንገቱ ሕመም በቸልታ የሚታለፍ አይደለም፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ሐኪሙ ትክክል ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሦስት ሳምንት ማመንታትዎ ልጁን አልጎዳውም። ቲክ፣ ማለትም ልጁ ሳይፈልገው ደጋግሞ የሚመጣ እንቅስቃሴ ወይም ድምፅ፣ ቶሎ ካልታከመ ሥር የሚሰድ በሽታ ስላልሆነ አስቦ ለመወሰን ጊዜ አለ።

የቲክ መድኃኒቶች ሁሉ ቲኩን ይቀንሳሉ እንጂ አያድኑም። ልጁ እየወሰደ ሳለ የቲኩ ብዛትና ኃይል ይወርዳል። ሲያቆም፣ ቲኩ በራሱ ጊዜ ካልተወው ተመልሶ ይመጣል። ዛሬ መጀመር የበሽታውን ዕድሜ አያሳጥርም፣ ማቆየትም አያረዝመውም። ሙሉ በሙሉ የሚጠፋበት ልጅም ጥቂት ነው። መጠኑ እስኪበዛ ድረስ «አንድም እንዳይቀር» ብሎ መግፋት ነው ብዙ ቤተሰብን የጎንዮሽ ጉዳት ውስጥ የሚከተው።

ቲክ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ዓመት አካባቢ ይጀምራል፣ ከ10 እስከ 12 ዓመት ላይ ይከፋል፣ በጉርምስና ውስጥ እየረገበ ይሄዳል። በግምት ከሦስት ልጆች አንዱን እስኪያድግ ይተወዋል፣ አንዱ ላይ ሌላ ሰው ልብ የማይለው ትንሽ ነገር ይቀራል፣ ሦስተኛው ግን ካደገም በኋላ ከቲኩ ጋር ይኖራል። ልጅዎ 9 ዓመቱ ስለሆነ፣ ደስ ባይልም፣ ከመሻሉ በፊት ሊብስበት ይችላል። ስለዚህ ዛሬ የሚጀመረው መድኃኒት በሳምንት የሚያልቅ አይደለም። ምናልባት ሦስትና አራት ዓመት፣ ያውም በሚያድግበት ጊዜ፣ አብሮት ይቆያል። የጎንዮሽ ጉዳቱን ስንመዝን ይህን ጊዜ ሁሉ ማሰብ አለብን።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ልምጣ። የምርመራ ክፍሌ የሚመጡ ወላጆች መድኃኒቱ ምን ጉዳት እንዳለው ይጠይቁኛል፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። በሌላው ሚዛን ላይ የተቀመጠው የማን ጉዳት እንደሆነ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ቢያንስ አራት ሰው አለ። መምህርቱ ድምፁ ይረብሻታል። ባለቤትዎ ሲያየው ያዝናል ወይም ያፍራል። ታክሲ ውስጥ ከፊት የተቀመጠው ሰው ዞር ብሎ «ልጁ ምን ሆኖ ነው?» ይልዎታል፣ እርስዎም ምራቅዎን ይውጣሉ። ልጁ ደግሞ አንገቱን ያመዋል። ከእነዚህ ውስጥ ኪኒን የሚገባው የመጨረሻው ብቻ ነው። የመምህርቱ ችግር በመነጋገር ይፈታል፣ የእርስዎና የባለቤትዎ ጭንቀት በመረዳት ይቀላል፣ የታክሲው ሰው ደግሞ አራት ኪሎ ሲደርስ ይወርዳል። ለእነሱ ምቾት ሲባል ልጁ እንቅልፍ የሚያስይዝና ክብደት የሚጨምር መድኃኒት መዋጥ የለበትም።

ስለዚህ ልጁን ለብቻው ይጠይቁት። «ከእነዚህ ነገሮች አንዱን ብቻ ማጥፋት ቢቻል የትኛው ይጥፋልህ?» ይበሉት። ወላጅ በጉሮሮው ድምፅ ሲሳቀቅ፣ ልጁ ድምፁን ከነመኖሩ ረስቶት ትከሻው እጅ ጽሕፈቱን ስለሚያበላሽበት የሚበሳጭበት ጊዜ ብዙ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ከቲኩ ይልቅ «ተው!» መባሉ እንደሚያስጨንቀው ይናገራል። አንገቱን ካለ፣ ዒላማችን አንገቱ ነው። መድኃኒቱም ቢጀመር መሥራት አለመሥራቱ የሚለካው ቤት በመጣ እንግዳ ፊት ጸጥ ብሎ በመቀመጡ ሳይሆን ማታ አንገቱን አለማመሙ ላይ ነው።

ሌላው ወላጅንም ሐኪምንም የሚያሳስተው የቲኩ ጠባይ ነው። ቲክ ለሳምንታት ይነሳል፣ ለሳምንታት ይረግባል፣ ደግሞ ይነሳል። ትምህርት ሲከፈት፣ ፈተና ሲደርስ፣ ልጁ ሲታመም ወይም እንቅልፍ ሲያጣ ይብሳል። ቤተሰብ ወደ ሐኪም የሚሮጠው የባሰ ዕለት ነው። መድኃኒቱ ያን ዕለት ይጀመራል፣ በሦስተኛው ሳምንት ቲኩ ይቀንሳል፣ ምስጋናው ለኪኒኑ ይሆናል። ምንም ባይሰጠውም ሊቀንስ ይችል ነበር። ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ሲነሳ «መድኃኒቱን ለመደው» ይባልና መጠኑ ይጨመራል። በእያንዳንዱ መነሳት መጠኑ ይወጣል፣ በእያንዳንዱ መርገብ ግን የሚያወርደው የለም። አንድ ፍሬ ሙሉ እየወሰዱ «ያለዚህ አይሆንለትም» ተብለው የመጡ ልጆችን ቀስ በቀስ ስናወርድላቸው ቲኩ እንዳለ ሆኖ ድብታው ብቻ የሚለቃቸው አሉ። ለዚህ ነው ቢያንስ አምስትና ስድስት ሳምንት አስቀድሞ መመዝገብን የምወደው። በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ልጁ ቴሌቪዥን ሲያይ አምስት ደቂቃ በስልክ ይቅረጹት፣ የቀረጻው ሰበብ ግን አይነገረው፣ ስለ ቲክ ማውራት በራሱ ቲክ ይጠራልና። ከዚያ በተጨማሪ በየማታው አንገቱን ከ0 እስከ 10 ስንት እንዳመመው ጠይቀው ደብተር ላይ ይጻፉ። ይህ ለሐኪሙ ከየትኛውም ምርመራ በላይ ይጠቅመዋል።

ምርመራው ራሱ ልክ ይመስላል። ቱሬት የሚባለው ከአንድ በላይ የእንቅስቃሴ ቲክና ቢያንስ አንድ የድምፅ ቲክ ሲኖር፣ ከ18 ዓመት በፊት ጀምሮ ከአንድ ዓመት በላይ ሲቆይ ነው። የእርስዎ ልጅ ያሟላል። ስድብ የሚያመልጣቸው ከአሥር አንድ ገደማ ብቻ ስለሆኑ ያንን አይጠብቁ። በዓይን ማርገብገብ ተጀምሮ ወደ ትከሻና አንገት መውረዱም የተለመደ መንገድ ነው። መነጽር በመግዛታችሁ አትጸጸቱ፣ ግማሹ ሕመምተኛዬ መነጽር ይዞ ነው የሚመጣው። ጉሮሮ ሲጠርግ ደግሞ ቶንሲል ነው ተብሎ አንቲባዮቲክ በላይ በላይ ይሰጠዋል፣ ከዚያም ብሶ እንጥሉን የሚያስቆርጡ አሉ። እባክዎ ይህን የሚመክርዎት ዘመድ ካለ አይስሙት፣ ልጅ ደም ፈሶት የሚሞትበት ነገር ነው።

አንድ ነገር ግን ሐኪሙ አይቶ እንደሆነ ያረጋግጡ። በእኛ አገር የሩማቲክ የልብ ሕመም ብዙ ነው፣ ከዚያው ከጉሮሮ ኢንፌክሽን በኋላ የሚመጣ ሲደንሃም ኮሪያ የሚባል የእንቅስቃሴ ችግርም አለ። ልዩነቱ ይታያል። የቲክ እንቅስቃሴ ያው ራሱ ደጋግሞ ይመጣል፣ ልጁም ለጥቂት ጊዜ ሊይዘው ይችላል። ኮሪያ ግን መልክ የለውም፣ ከእጅ ወደ ፊት፣ ከፊት ወደ እግር ይዘላል፣ ሊያዝ አይችልም፣ ልጁ ብርጭቆ ይጥላል፣ ጽሕፈቱ በሳምንታት ውስጥ ይበላሻል፣ ባሕርዩም ይቀየራል። ሃሎፔሪዶል ይህንንም ስለሚያረግበው ዋናው በሽታ ሊደበቅ ይችላል። ያ ልጅ የልብ አልትራሳውንድና በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ያስፈልገዋል። የእርስዎ ልጅ ታሪክ ሁለት ዓመት የቆየና ከዓይን የጀመረ ስለሆነ ቲክ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ይሁንና ልቡን በመስሚያ ማዳመጥ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ከመድኃኒት በፊት ምን አለ? በቂ ማስረጃ ያለው የባሕርይ ሕክምና አለ፣ ብዙ ሐኪሞች ግን አይጠቅሱትም፣ ማዘዣ ወረቀት ላይ አይጻፍምና። ብዙዎቹ ልጆች ቲኩ ከመምጣቱ በፊት አንድ ግፊት ይሰማቸዋል፣ ልክ ማስነጠስ ሲመጣ አፍንጫ ውስጥ እንደሚሰማው ዓይነት። ሕክምናው ልጁ ይህን ግፊት ቀድሞ እንዲያውቀው፣ ሲመጣም ቲኩን የማያስኬድ ሌላ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ያሠለጥነዋል። አንገቱን ወደ ጎን ለሚወረውር ልጅ፦ አገጩን በትንሹ ወደ ደረቱ ሰብስቦ የአንገቱን ጡንቻ ሳያጨናንቅ ውጥር ማድረግና ፊት ለፊት ማየት። ጉሮሮ ለሚጠርግ፦ አፉን ዘግቶ በአፍንጫው በዝግታ መተንፈስ። ግፊቱ እስኪያልፍ ወይም አንድ ደቂቃ ያህል ይቆያል። በአንድ ጊዜ አንድ ቲክ ብቻ ይሠለጠናል፣ ልጁ ከመረጠው ይጀመራል።

ቀላል ይመስላል፣ ግን ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት 126 ልጆችን በሁለት ከፍሎ ነበር። በ10 ሳምንት ውስጥ 8 ጊዜ በዚህ መንገድ ከሠለጠኑት 52.5 በመቶ በግልጽ ሲሻላቸው፣ ምክርና ድጋፍ ብቻ ካገኙት የተሻላቸው 18.5 በመቶ ነበሩ። የአሜሪካ የነርቭ ሐኪሞች አካዳሚም በ2019 መመሪያው ከመድኃኒት አስቀድሞ ይህን እንዲሞከር ይመክራል። «ቢይዘው ኋላ ብሶ ይፈነዳል» የሚባለው በጥናት አልተደገፈም። እዚህ ያለው ችግር የሠለጠነ ሰው ማነስ ነው። ሳይኮሎጂስት ሲፈልጉ «ልጆች ያያሉ?» ብቻ ብለው አይለፉ፣ «ለቲክ የልማድ ቅያሪ ሥልጠና ሠርተው ያውቃሉ?» ብለው ይጠይቁ። ካላገኙም የልጁ ሐኪም መሠረቱን ሊያሳያችሁ ይችላል። እንግሊዝ ውስጥ በ2021 የታተመ ሰፊ ሙከራ እንዳሳየው በኢንተርኔት፣ በወላጅ እገዛ የሚሰጥ ተመሳሳይ ሥልጠናም ይሠራል።

ወደ ሃሎፔሪዶል ልመለስ። ያረጀ ቢሆንም ኃይለኛ መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ቤልጂየም ውስጥ ተሠራ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለቲክ ሲሞከር ብዙዎችን አስደነቀ። በዚያ ዘመን ቲክ የአስተዳደግ ጉድለት፣ በተለይም የእናት ጥፋት ተደርጎ ይታይ ነበር። ለመድኃኒት ምላሽ መስጠቱ ነው ነገሩ የአንጎል እንደሆነ ያሳመናቸው። ስለዚህ እናቶች የእሱ ውለታ አለባቸው ማለት እችላለሁ። ዛሬ ግን የመጀመሪያ ምርጫዬ አይደለም፣ ከሥራው ይልቅ ዋጋው ስለሚያሳስበኝ።

መጠኑን እንይ። የ5 ሚሊ ግራም ሩብ 1.25 ሚሊ ግራም ነው። በዚህ ዕድሜ ላለ ልጅ እኔ ብጀምር ከ0.25 ወይም ከ0.5 ተነስቼ በሳምንታት ቀስ እያልኩ ነው የምወጣው። ብዙ ልጆች ከ1 ወይም ከ2 ሚሊ ግራም በላይ ሳያስፈልጋቸው ይሻላቸዋል። በተጨማሪ ያችን ትንሽ ፍሬ በምላጭ አራት ቦታ ሲከፍሏት ግማሹ ዱቄት ሆኖ ይቀራል፣ አንድ ማታ 1፣ በማግሥቱ 2 ሚሊ ግራም ይውጣል ማለት ነው። መጀመሪያ የሐኪሙን ማዘዣ ያንብቡ፦ «ሩብ» ያለው ሐኪሙ ነው ወይስ የፋርማሲው መስኮት? ሐኪሙ አነስተኛ ፍሬ ወይም በጠብታ የሚሰጥ ፈሳሽ አስቦ፣ የተገኘው ግን ባለ 5 ሊሆን ይችላል። እኔ ሕመምተኛውን አላየሁትም፣ እሱ አይቶታል። ይህን ቁጥር ይዘው ተመልሰው ይጠይቁት እንጂ በእኔ ጽሑፍ ማዘዣውን አይሻሩት።

ከጉዳቶቹ ሁሉ እያንዳንዱ ወላጅ ከመጀመሩ በፊት ማወቅ ያለበት አንድ አለ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ በተለይ ወንድ ልጆች ላይ፣ አንገት በድንገት ወደ አንድ ወገን ተጠምዝዞ ሊደርቅ፣ ዓይን ወደ ላይ ተገልብጦ ሊቀር፣ መንጋጋ ሊቆለፍ፣ ምላስ ሊወጣ ይችላል። ልጁ ራሱን አይስትም፣ ይሰማል፣ ይፈራል። ሲታይ እጅግ ያስደነግጣል። እኛ ጋ ደግሞ ቤተሰብ ይህን ሲያይ መጀመሪያ የሚመጣለት ርኩስ መንፈስ ነው፣ ልጁን ተሸክሞ ወደ ጠበል ይሮጣል። መሮጥ ያለበት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። በመርፌ በሚሰጥ ማርከሻ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈታል። የኪኒኑን ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ። ትውከት ኖሮት ሜቶክሎፕራሚድ፣ ብዙ ሰው ፕላሲል የሚለውን፣ አብሮ ከወሰደ አደጋው ይጨምራል።

ቀስ ብለው የሚመጡት ደግሞ አሉ። ድብታ፣ ፊት ላይ ስሜት አለመታየት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ቁጭ ብሎ መቀመጥ አለመቻልና ውስጥን የሚበላ እረፍት ማጣት። ይህ የመጨረሻው «ቲኩ ባሰበት» ተብሎ በስሕተት መጠኑ ሊጨመርበት ይችላል። አንዳንድ ልጅ ከዚህ በፊት ያልነበረው ትምህርት ቤት የመፍራት፣ ከእናቱ ያለመለየት ነገር ይጀምረዋል፣ ወላጅም ከመድኃኒቱ ጋር አያያይዘውም። ክብደት ይጨምራል። እዚህ ላይ የእኛ ቤት ጠባይ ያስቸግረኛል፣ ልጁ ጉንጩ ሲሞላ አያት «ወዝ አወጣ» ብላ ታመሰግናለች፣ እኔ ደግሞ ሚዛኑ ላይ አውጥቼ ራሴን እነቀንቃለሁ። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ በአፍና በምላስ ዙሪያ የሚታይ ያለፈቃድ እንቅስቃሴ ሊመጣ ይችላል፣ አንዳንዴ መድኃኒቱ ከቆመም በኋላ ይቀራል። ልጆች ላይ ብዙ የሚታይ አይደለም፣ ግን ቲክ ያለበት ልጅ ላይ ከቲኩ ለመለየት አስቸጋሪ መሆኑ ነው የሚያሳስበኝ። ትኩሳት፣ የሰውነት እንደ እንጨት መድረቅና መደናገር ከመጣ ደግሞ ሰዓት የማይሰጥ ድንገተኛ ነው።

«የእብድ መድኃኒት» ስላለችዎ የአክስትዎ ልጅ፦ መድኃኒቱ ለሥነ አእምሮ ሕመምም ይሰጣል፣ እውነት ነው። ዶፓሚን የሚባለውን የአንጎል መልእክተኛ ስለሚገታ ነው፣ ያው ዶፓሚን እንቅስቃሴን በሚቆጣጠረው የአንጎል ጥልቅ ክፍልም ይሠራል። ለቲክ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ለዚያ ከሚሰጠው በጣም ያንሳል። ልጁ ይህን አባባል እንዳይሰማ ያድርጉ። ማፍዘዙን በተመለከተ ግን ተሳስታለች አልልም።

ሌሎች አማራጮችን በአጭሩ ላንሳ። መድኃኒት የግድ ሲሆን እኔ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የማስበው ክሎኒዲንን ነው፣ ጓንፋሲንም የእሱ ዘመድ ነው። ኃይሉ መካከለኛ ነው፣ በተለይ ከቲኩ ጋር የትኩረት ማነስና ቅብጥብጥነት ላለበት ልጅ ይጠቅማል። ያስተኛል፣ የደም ግፊት ያወርዳል፣ ነገር ግን አንገት አያጣምምም፣ ክብደትም እንደ ሌሎቹ አይጨምርም። ትልቁ ጥንቃቄ በድንገት አለማቆም ነው፣ ግፊቱ ሊዘል ይችላል። ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት ፋርማሲው በየወሩ ያመጣው እንደሆነ ይጠይቁ። ለሁለት ወር ተገኝቶ በሦስተኛው የሚጠፋ ክሎኒዲን ጭራሽ ካለመጀመር ይብሳል። ሪስፔሪዶን ይሠራል፣ ግን ክብደትና ፕሮላክቲን የሚባለውን ሆርሞን ይጨምራል፣ ወንድ ልጅ ጡቱ ሊያብጥ ይችላል፣ ይህን ደግሞ ልጁ አፍሮ አይነግርዎትም፣ እርስዎ መጠየቅ አለብዎት። አሪፒፕራዞል የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ለልጆች ቱሬት የፈቀደው ነው፣ ሲገኝና ዋጋው ሲቻል ከሃሎፔሪዶል አስቀድመዋለሁ፣ ምንም እንኳ እረፍት ማጣትና ክብደት በእሱም ቢመጡ። ፒሞዛይድ የልብ ምት ሥርዓት ሊያዛባ ስለሚችል ያለ ኢሲጂ፣ ማለትም ያለ የልብ ምት ምርመራ፣ አይሰጥም፣ ክላሪትሮማይሲን ከሚባለው አንቲባዮቲክ ጋር መወሰዱ ለሞት ያበቃበት ጊዜ አለ።

ልጅዎ ክፍል ውስጥ ትኩረቱ እንዴት ነው? አልጻፉልኝም። ቱሬት ካለባቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የትኩረት ማነስ አለባቸው፣ ብዙዎች ደግሞ አንድን ነገር ደጋግሞ የማድረግ ወይም የማሰብ ግዴታ ይሰማቸዋል። ብዙ ጊዜ ውጤቱን የሚያወርድበት ይህ እንጂ ቲኩ አይደለም። ለትኩረት የሚሰጠው ሜቲልፌኒዴት ቲክ ያባብሳል ተብሎ ለዓመታት ተፈርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የ136 ልጆች ጥናት ግን ቲክ የባሰባቸው ልጆች ብዛት ባዶ ኪኒን ከወሰዱት ጋር ተቀራራቢ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ካለበት ሐኪሙ ጋ ያንሱት፣ የትኛው ቀድሞ ይታከም የሚለውን ይለውጠዋል።

ስለ ጠበሉ እናትዎን አይጋፉ። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ መናገራቸው ይታወሳል፣ ለቲክም የሚለይበት ምክንያት አይታየኝም። ሁለት ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። መድኃኒት ከጀመረ በኋላ «ጠበል ላይ ነውና ይቁም» ተብሎ በአንድ ቀን እንዳይቋረጥ፣ ልጁም ክፉ ነገር እንዳደረበት እየተነገረው እንዳይጠመቅ። በሕዝብ መካከል «ውጣ!» የተባለ የ9 ዓመት ልጅ ከቲኩ በላይ የሚሸከመው ነገር ይኖረዋል።

መምህርቱን ሄደው ያነጋግሯት። ሆን ብሎ እንደማያደርገው፣ «ተው» ሲባል እንደሚብስበት፣ ከኋላ ማስቀመጡም ዞሮ የሚያየውን ልጅ ቁጥር እንጂ ድምፁን እንደማይቀንስ ይንገሯት። ከጎን፣ ወደ በሩ ጠጋ ብሎ ቢቀመጥና ሲከብደው ሳያስፈቅድ ለሁለት ደቂቃ ወጥቶ ቢመለስ ይበቃል። የሐኪም ደብዳቤ ከጠየቀች ሐኪሙ ይጽፍላችኋል፣ እኔ በየመስከረሙ እጽፋለሁ።

እንግዲህ በእርስዎ ቦታ ብሆን ፍሬዎቹን ልጅ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጬ ሐኪሙ ጋ ቶሎ እመለሳለሁ፣ ስለ መጠኑ እጠይቃለሁ፣ የአንገቱን ቲክ ማሠልጠን እጀምራለሁ፣ የሕመሙን ቁጥር እመዘግባለሁ። በሁለትና ሦስት ወር ውስጥ የአንገቱ ሕመም ካልቀነሰ መድኃኒት እጀምራለሁ፣ ሳልፈራ። ያኔም ከመነሻው ክብደቱ፣ ቁመቱ፣ የደም ግፊቱ፣ በባዶ ሆድ የደም ስኳሩና ኮሌስትሮሉ ይለካ፣ በቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ ኢሲጂ ይነሳ። በአንድ ጊዜ አንድ መድኃኒት፣ በትንሹ ተጀምሮ፣ በማዘዣ ብቻ ይሁን። ለሌላ ሕመም ፋርማሲ ሲሄዱም ይህን እንደሚወስድ ይናገሩ፣ ለድብርት የሚሰጠው ፍሉኦክሰቲን ለምሳሌ የሃሎፔሪዶልንም የሪስፔሪዶንንም መጠን ደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል። የመጀመሪያው ሳምንት ልጁ ከቤት ርቆ የሚያድርበት አይሁን። ሲጀመር የሚገመገምበት ቀንም አብሮ ይቆረጥ። ስድስት ወር ጸጥ ካለለት በክረምቱ የትምህርት እረፍት ቀስ ብሎ መቀነስ ይሞከራል።

ይህ ሁሉ መጠበቅ የማይሠራበት ሁኔታ ግን አለ። የአንገቱ ውርወራ ኃይለኛ ሆኖ እጁን ወይም እግሩን ከደነዘዘው፣ ካደከመው፣ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተው ያንኑ ቀን ሆስፒታል ይውሰዱት፣ የአንገት አጥንት ውስጥ ያለው የነርቭ ገመድ ሊጎዳ ይችላል። ራሱን የሚመታ፣ ዓይኑን የሚጎዳ ቲክ ከመጣ፣ እንቅልፍ ካሳጣው፣ ወይም «መኖር አልፈልግም» ካለ ቀጠሮ አይጠብቁ። እንቅስቃሴው ሲመጣ ራሱን የሚስት፣ በስሙ ሲጠሩት የማይሰማ ከሆነ ደግሞ የሚጥል በሽታ መሆን አለመሆኑ መታየት አለበት። ለዚህም ቢሆን ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት ቪዲዮውን ነውና ከስልክዎ ላይ አያጥፉት።